ከዊታም የተነሱት ገበሬዎች

ሰሞኑን አንድ መነኩሴ ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኛል። የሊንከኑ ሂዩ ይባላል።

ነገሩ የሚጀምረው ከደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1170 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት እዚያው ካቴድራሉ ውስጥ በእንግሊዙ ንጉሥ በዳግማዊ ሄንሪ ሰዎች ተገደለ። ንጉሡም ለንስሐው ገዳም ሊተክል ቃል ገባ። ለዚህም ሶመርሴት ውስጥ ዊታም የሚባል ቦታ ተመረጠ። ዊታም ግን ባዶ መሬት አልነበረም። ገበሬዎች ይኖሩበት ነበር።

ሂዩ ከፈረንሳይ ተራሮች የገዳሙ አለቃ ሆኖ መጣ። መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ተነሺዎቹ ካሳ ነው። እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ካልተከፈላቸው ቦታውን አልረከብም አለ። ንጉሡ ከፈለ።

እኔን ያስለቀሰኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሂዩ ቤቶቹን ደግሞ ለእኔ ስጠኝ አለው። ንጉሡ ግራ እየገባው ሰጠው። እሱም መልሶ ለገበሬዎቹ ሰጣቸው። እንጨቱን ነቅለው ይውሰዱት፣ ከፈለጉም ይሽጡት ብሎ።

የእኛ ሰፈር ሲፈርስ እማዬ የግቢውን በር አስነቅላ ነው ይዛ የሄደችው። ሰማያዊ ቀለሙ የተላላጠ፣ ከታች ዝገት የበላው የቆርቆሮ በር ነው። አሁን ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ከአልጋዋ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እንሽጠው ስላት ዝም ትለኛለች። ሂዩ ይህን ዝምታ ያውቀው ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ1186 የሊንከን ጳጳስ ሆነ። ያኔም ያው ሰው ነው። የንጉሡን የደን ሹም አወገዘ። ንጉሡ ተቆጥቶ ዉድስቶክ አስጠራው፤ ሲመጣ ማንም ሰላም አላለውም። ንጉሡ አቀርቅሮ የቆሰለ ጣቱ ላይ የጠመጠመውን ጨርቅ በመርፌ ይሰፋል። ሂዩ አጠገቡ ተቀመጠና፣ «የፋሌዝ ዘመዶችህን መሰልክ እኮ!» አለው። የሄንሪ ቅድመ አያት፣ ድል አድራጊው ዊልያም፣ በእናቱ በኩል ፋሌዝ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ የኖረ የቆዳ ፋቂ የልጅ ልጅ ነበር ይባላል። ፋቂ መባል እኛም አገር ምን ያህል ስድብ እንደነበር እናውቃለን። ንጉሡ ግን በሳቅ ፈረሰ። ታረቁ።

በ1185 በመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳው የሊንከን ካቴድራል እንደገና ሲሠራም፣ ጳጳሱ ራሱ ድንጋይ ተሸክሟል።

ዛሬ ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ስለ ንጉሡ ምንም አላለችም።

«ጳጳሱ የት አረፉ?» አለችኝ።

ለንደን፣ በ1200፤ የተቀበሩት ሊንከን ነው፤ በቀብራቸው ላይ ሁለት ነገሥታት፣ የእንግሊዙና የስኮትላንዱ፣ ተገኝተዋል አልኳት።

«ይገባቸዋል» አለችና ጋቢዋን ሳብ አደረገች።