ግራ ኩርባ ላይ የምትጠፋው ሞተር

ሞተሬ ዕድሜዋ ገፍቷል። ባለፉት ሁለት ጉዞዎች ዳገት ላይ ቀጥ ብላብኛለች። ስለዚህ ከዚህኛው በፊት ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ቀየርኩ፣ ለካንዴላው ኃይል የሚልከውን ቦቢና ቀየርኩ፣ ባትሪውም አዲስ ነው። በሙሉ ልብ ተነሳሁ። ጓደኛዬ በአዲሷ ሞተሩ ከኋላ ይከተለኛል።

ሰርባትዮውን (የቤንዚን ማጠራቀሚያውን) ጢም አድርጌ ሞልቼ ነበር የወጣሁት። 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ዳገቱ ጀመረ። እሷም ጀመረች። መጀመሪያ ጉልበቷ ቀነሰ። ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ አስላ ቆመች።

እንደ ልማዴ ወንበሩን አንስቼ ሽቦ መነካካት ያዝኩ። ፊውዝ አወጣሁ፣ መለስኩ። የባትሪውን ብሎን አጠበቅኩ። አሥር ደቂቃ ገደማ ሲሆን በአንድ ርግጫ ተነሳች። "ብሎኑ ነበር!" አልኩ። ባለፈው ጉዞ ደግሞ "ካንዴላው ነበር" ብዬ ነበር። እኔ ዘንድ ሁሌም ጥፋተኛው መጨረሻ ላይ የነካሁት ዕቃ ነው።

ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ ደገመችው።

"አሁን ምንም እንዳትነካ" አለኝ ጓደኛዬ። ቤንዚኑ ከአየር ጋር በሚቀላቀልበት ካርቡሬተር ሥር ጠርሙስ ደግኖ የማፍሰሻውን ብሎን በካቻቢቴ አላላ። ቤንዚኑ ትንሽ ወረደና ቆመ። ሰርባትዮው ውስጥ ገና ብዙ ቤንዚን አለ፣ ቧንቧው ክፍት ነው፤ ሊቆም አይገባም ነበር። ክዳኑን ስከፍት ፍሽሽ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ገባ። ከታች ቤንዚኑ ወዲያው መውረድ ጀመረ።

ለካ ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ በአቧራ ተደፍናለች። ቤንዚኑ ሲወርድ ቦታውን የሚተካ አየር ካልገባ፣ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንስና ቤንዚኑን ይዞ ያስቀረዋል። እኔ ቆሜ ሽቦ ስጎረጉር አየሩ ቀስ እያለ ይሰርጋል፣ ሞተሯም ትነሳለች። ሁሌ ሞልቼ በወጣሁ ቀን ለምን እንደሚብስባትም ያኔ ገባኝ። ሰርባትዮው ሲሞላ ከላይ የሚተርፈው አየር ጥቂት ነው፤ ግፊቱ ቶሎ ይወርዳል። ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ጠረግናት። ስለ ቦቢናው ወጪ ላለማሰብ ሞከርኩ።

ዳገቱን አንዴም ሳታስል ወጣችው። ቁልቁለቱ ላይ ግን፣ ግራ ኩርባ ስይዝ፣ ድርግም! የዳሽቦርዱ መብራትም አብሮ ጠፋ። መሪው ሲቃና መብራቱ መጣ፣ ጎማውም እየገፋት መልሳ ተነሳች።

ይሄ ሌላ ሞት ነው። ቤንዚን ያጣ ሞተር እየተንገዳገደ ነው የሚጠፋው። ኤሌክትሪክ ያጣ ግን እልም ይላል። ሁለቱ ሕመሞች አብረው ስለኖሩ ለወራት አንድ ይመስሉኝ ነበር።

ጥላ ፈልገን ቆምንና ቴስተሩን አወጣሁ። ባትሪው 12.6 ቮልት አለው። አስነስቼ፣ ነዳጅ ሰጥቼ ስለካው 14.2። ቻርጁ ደህና ነው ማለት ነው። ከ15 ቢያልፍ ወይም ከ13 ባይዘል ቻርጁን የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር እጠረጥር ነበር። ከዚያ ሞተሯ እየሠራች መሪውን ወደ ግራ እስከ ጥጉ አዞርኩት። ድርግም። ቁልፉን ሳልነካ መሪውን ስመልሰው መብራቱ በራ።

ከቁልፉ የሚወጣው ሽቦ መሪው አንገት ጋ ይታጠፋል። ስንት ዓመት ሲታጠፍ ኖሮ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጣጥሷል፤ ከላይ ያለው ላስቲክ ግን ጭረት እንኳን የለውም። በዓይን ብፈልገው እስካሁን አላገኘውም ነበር። በጣቴ እየጨመቅኩ ስሄድ አንድ ቦታ ላይ ልፍስፍስ አለ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅዬ እዚያው ቆረጥኩት። መሪው ሲዞር እንዳይወጠር ትንሽ ትርፍ ሽቦ ቀጠልኩበትና በቴፕ ጠቀለልኩት።

"አዲስ ገዝተህ ቢሆን ይሄኔ ደርሰን ነበር" አለ ጓደኛዬ፣ ካቻቢቴዬን እየጠረገ።

የቀረውን 90 ኪሎ ሜትር ሳትቆም ጨረሰችው። የግራ ፍሬቻዋ ብልጭ ድርግም ማለት ትቶ እንደበራ ቀርቷል። እሱን ነገ አየዋለሁ።