ከምናለሽ ተራ እስከ ቢሾፍቱ፦ በብስክሌት የተጫነ ሙዚቃ

ብስክሌት እየነዱ ጆሮ ማዳመጫ ማድረግ አልወድም። አቃቂን ካለፉ በኋላ ሲኖትራክ ከኋላ ሲመጣ ቀድሞ የሚያውቀው ጆሮ ነው። ያለ ሙዚቃ መንዳት ደግሞ አይሆንልኝም። ስለዚህ እኔና ጓደኛዬ ወደ ቢሾፍቱ ከመውጣታችን በፊት በብስክሌት የሚጫን የድምፅ ሣጥን ራሳችን ሠራን።

ዕቃው የተገኘው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። ከአሮጌ ሚኒባስ የወጡ ባለ 4 ኢንች ስፒከሮች ገዛን። ቀጥሎ የላፕቶፕ ባትሪ። ሞተ ተብሎ የሚጣል የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ የደከሙት አንድ ሁለት ሴሎች (በውስጡ የተደረደሩት ትናንሽ ባትሪዎች) ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ገና ይሠራሉ። እያንዳንዱን በቴስተር ለካን። ከ2.5 ቮልት በታች የወረደውን ትተን ደህናዎቹን ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን፣ ሦስቱን ጥንድ ደግሞ በተከታታይ አገናኘን። 11.1 ቮልት ሆነ። ሴሎቹ የሊቲየም ናቸው፤ ሊቲየም ከመጠን በላይ ከተሞላ ወይም ሽቦው ከተነካካ እሳት ይነሳል። ይህን ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከመጠን በላይ ሲሞላ የሚያቋርጥ መከላከያ ሰርኪትና ፊውዝ ሳያስገባ አንድም ነገር እንዳያበራ እለምናለሁ።

አምፕሊፋየሩ፣ ማለትም ድምፅ ማጉያው፣ ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት ነው። ኃይሉን በሙቀት ብዙ ስለማያባክን ትንሽ ባትሪ ረጅም ሰዓት ይቆይበታል።

ከሁሉ የደከምንበት ሣጥኑ ነው። ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ በጀርባው በኩል አየር ይስባል። የፊቱና የኋላው ድምፅ ከተገናኙ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ስለዚህ ኮምፔልሳቶውን ካስቆረጥን በኋላ መጋጠሚያውን ሁሉ በኮላ ደፈንን። አንዱን ስፒከር ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አዞርን፤ ከኋላዬ የሚመጣው ጓደኛዬም እንዲሰማ። ለሁለታችንም ሙሉው ሙዚቃ እንዲደርስ የዘፈኑን የግራና የቀኝ ድምፅ ቀላቅለን አንድ አደረግነው። ከዚያ በአሮጌ ከመነዳሪ ከኋላ መጫኛው ላይ ጠፍረን አሰርነው። ጎማው የመንገዱን ንዝረት ይውጣል።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ወጣን። በፍጥነት መንገዱ ብስክሌት ስለማይገባ በአሮጌው መንገድ፣ በቃሊቲ በኩል ነው የሄድነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ። ሲሄዱ መንገዱ ይረዳል።

ሜዳ ላይ ድምፅ ሌላ ነው። ቤት ውስጥ ግድግዳውን ያንቀጠቀጠው የከበሮ ምት ደጅ ሲወጣ ተበተነ። መሲንቆውና የዘፋኙ ድምፅ ግን ነፋሱን ሰንጥቀው ይመጣሉ። ሞባይሉ ላይ ወፍራሙን ድምፅ ቀነስኩ። ባትሪውም ተረፈ፣ ዘፈኑም ጠራ። ገጠሩ ጋ ስንደርስ ልጆች "ጨምሩት! ጨምሩት!" እያሉ ከጎናችን ሮጡ። ጨመርንላቸው። የለቅሶ ድንኳን ስናይ ደግሞ ገና ከሩቁ አጠፋነው። በሰው መንደር ድምፅ ይዞ የሚያልፍ ሰው ጣቱ ከማጥፊያው መራቅ የለበትም።

ዱከም ስንደርስ አንዱ ሽቦ ተላቀቀ። መንገድ ዳር ያሉ አንድ ጎሚስታ ሥራቸውን ትተው መጡ። ሽቦውን ላጡ፣ ጠመዘዙ፣ በቀጭን ጎማ ጠቀለሉት። "ስንት ነው ጋሼ?" አልናቸው።

"ተዉት ልጆቼ። አንድ ትዝታ ካላችሁ ክፈቱልኝ።"

ከፈትንላቸው። እስኪያልቅ ድረስ መፍቻቸውን እንደያዙ ቆመው ሰሙ። ጎረቤቶቻቸውም ተሰበሰቡ። በጆሮ ማዳመጫ ብንሄድ ኖሮ ይህን ሁሉ ሰው አናገኝም ነበር።

ቢሾፍቱ ከሐይቁ አፋፍ ላይ ሻይ ጠጣን። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ የተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ ስለተኛ ዳርቻው ገደል ነው። ስንመለስ ዳገቱ ጠበቀን። ሣጥኑ ቀላል አይደለም፤ እየተቀያየርን ጫንነው። የዘፈን ምርጫውን ለጓደኛዬ ተውኩለት። እሱም እስክስታ የሚያስመታውን ብቻ እየመረጠ እስከ ቃሊቲ አወጣን።

አሁን የቀረን የክረምቱ ጉዳይ ነው። የስፒከሮቹ ፊት ወረቀት ስለሆነ ውሃ አይችልም። ድምፁን ሳያፍን ዝናቡን የሚከላከል ስስ ጨርቅ እየፈለግን ነው።