መጀመሪያ ምስል፣ ከዚያ መርፌ፦ የፕሮስቴት ምርመራዬን እንዴት በቅደም ተከተል እንዳስኬድኩት

ፒኤስኤዬ (ፕሮስቴት ዕጢ የሚያመነጨው፣ በደም ምርመራ የሚለካው ፕሮቲን) 9.4 ሆኖ ሲመጣ ኮምቦልቻ ውስጥ ምክር የሌለው ሰው አልነበረም። አንዱ «ዛሬውኑ ናሙና ስጥ» ይላል። ሌላው «አዲስ አበባ ውረድና ያለውን ምርመራ ሁሉ አንድ ላይ ጨርሰህ ና» ይላል። አንድ የግል ክሊኒክ ባዮፕሲውንም (በመርፌ የሚወሰደውን ናሙና) የአጥንት ስካኑንም በአንድ ወረቀት ጻፈልኝ። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ሐረጎን ሽቅብ ወጣሁና ደሴ ላይ የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት ጋ ቀረብኩ። ልጄ የሚሆን ሐኪም ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ቁጥር ዕጢው ተቆጥቷል ነው የሚለው። ካንሰር አለ አላለም» አለኝ። ከዚያ ይጠይቀኝ ጀመር። ሽንት ያቃጥልሃል? በቅርቡ የሽንት ቱቦ ገብቶልህ ነበር? ፊናስተራይድ ትወስዳለህ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ያ ላበጠ ፕሮስቴት የሚታዘዝ መድኃኒት ለወራት ሲወሰድ ፒኤስኤን በግማሽ ያህል ስለሚያወርደው ቁጥሩ ያታልላል። እኔ አልወስድም። ግን ሽንቴ ሲመረመር ኢንፌክሽን ተገኘ። ታከምኩ፤ ሳምንታት ጠብቄ ደሙን ደገምኩት። ወደ 7.6 ወረደ፤ አሁንም ግን ከፍ ያለ ነው።

ቀጥሎ በፊንጢጣ በኩል በጣት ምርመራ ነው። ብዙ ወንድ እዚች ላይ ሲደርስ ይሸሻል። ከደቂቃ በታች ያልቃል። ሐኪሙ በአንዱ ጎን ጠንከር ያለ ነገር አገኘ። ያኔ ነው ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የውስጥ አካል ምስል) የታዘዘልኝ።

ለምን ባዮፕሲው አልቀደመም? መርፌ የገባበት ዕጢ ውስጥ ደም ይቀራል። ያ ደም በምስሉ ላይ ካንሰር ሊመስል ይችላል፤ ወይም እውነተኛውን ካንሰር ይሸፍነዋል። መርፌው ከቀደመ ለኤምአርአይ ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ሊያስፈልግ ነው። የሰፈሬ ሰው ይሄ ደርሶበታል። ናሙናው ምንም አላሳየም፤ ፒኤስኤው ግን እየጨመረ ሄደ። ኤምአርአይ ሲነሣ «ደም አለበት፣ ቆይተህ ተመለስ» ተባለ። ያን ጊዜ ሁሉ እንቅልፍ አልነበረውም።

ሌላም ምክንያት አለ። በፈረንጆች 2018 ፕሪሲዥን የሚባል ጥናት 500 ወንዶችን ለሁለት ከፍሎ አነጻጽሮ ነበር። ኤምአርአይ ቀድሞላቸው አጠራጣሪ ቦታ ከታየ እሱ ብቻ በመርፌ እንዲነካ ከተመደቡት ውስጥ አስጊ ካንሰር የተገኘባቸው 38 በመቶ ናቸው። በተለመደው ባዮፕሲ ግን 26 በመቶ። ሕይወት የማያሰጋው ዓይነት ካንሰር ደግሞ ከ22 ወደ 9 በመቶ ወረደ። ምስሉ ንጹሕ ሆኖ ከመርፌ የተረፈም ብዙ ነው። ለእኔ ሚዛን የደፋው ይሄ ነው።

ለኤምአርአዩ ወደ አዲስ አበባ ወረድኩ። የፕሮስቴት ሕመም ላለበት ሰው መንገዱ ራሱ ፈተና ነው። ረዳቱን ገና ሳንነሣ «ልጄ፣ እኔን ሽንት ቶሎ ቶሎ ይይዘኛል» አልኩት። «አብሽር አባዬ» አለኝ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ጣርማ በር። ሳላፍር መጠየቄ ጠቅሞኛል።

ኤምአርአዩ ጋ ቀበቶ፣ ሳንቲም፣ ሰዓት ሁሉ ይወልቃል። ሰውነትህ ውስጥ ብረት አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። በጦርነት ጊዜ የገባ ፍንጣሪ ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ሰው በእኛ አካባቢ ብዙ ስለሆነ ይህን ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ማግኔቱ ብረት ይስባል። ማሽኑ እንደ መዶሻ ይንኳኳል፤ አያምም። ስወጣ ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ሲዲም ተቀበልኩ። ባዮፕሲ የሚሠራው ሐኪም የሚፈልገው ምስሉን ነው።

ውጤቱ ፒራድስ 4 ይላል፤ ፒራድስ የፕሮስቴት ኤምአርአይ የጥርጣሬ ደረጃ ነው። ልኬቱ ከ1 እስከ 5 ነው፤ 4 ማለት አስጊ ካንሰር የመኖሩ ዕድል ከፍ ያለ ነው። አሁን መርፌው ትርጉም አገኘ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ተጠየቅኩ፤ ፀረ ተሕዋስያን ተሰጠኝ። ሐኪሙ ሲዲውን ከፍቶ ቦታውን አየ። ከዚያ በአልትራሳውንድ እየተመራ ከአጠራጣሪው ቦታም፣ ከቀረው ዕጢ በየአቅጣጫውም ወሰደ። ማደንዘዣ አለው። ናሙናው ሲወሰድ ማሽኑ «ጠቅ» ይላል፤ ከሕመሙ ይልቅ ድምፁ ያስደነግጣል። በኋላ በሽንትና በዘር ፈሳሽ ላይ ደም ታይቷል፤ የዘር ፈሳሹ ላይ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ሊገባ ይችላል።

የፓቶሎጂው (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ያየው ክፍል) ወረቀት ግሊሰን 3+3=6 አለ፤ ግሊሰን የካንሰሩ አስጊነት የሚለካበት ደረጃ ነው። ከካንሰሮቹ ቀስ የሚለው ዓይነት ነው። ያኔ ከኪሴ ያችን የአጥንት ስካን ወረቀት አውጥቼ ጠየቅኩ። «ጋሼ፣ ይሄ ላንተ አያስፈልግም» አለኝ። የአጥንት ስካንና ሲቲ የሚመልሱት ጥያቄ «ተሠራጭቷል ወይ?» የሚለውን ነው። ጥያቄው የሚነሣው የናሙናው ውጤት ከፍ ያለ ስጋት ሲያሳይ ነው። በእኔ ዓይነቱ ላይ ስካኑ ብዙም አያገኝም፤ የቆየ የጉልበት ወይም የወገብ ቁርጥማት አብርቶ በከንቱ ሊያስደነግጥ ግን ይችላል። አሁን ሕክምና ሳልጀምር በክትትል ላይ ነኝ። ፒኤስኤ በየስድስት ወሩ፤ ኤምአርአይና ናሙና ደግሞ ሐኪሙ ሲያዝ።

ይህ ቅደም ተከተል ለሁሉም አይሆንም። ፒኤስኤው በመቶዎች የሚቆጠር፣ በጣት ሲዳሰስ ዕጢው ድንጋይ የሆነ፣ ወይም አጥንቱን የሚያመው ሰው ኤምአርአይ እየጠበቀ ጊዜ አያባክን። እሱን ቶሎ ናሙና መውሰድና ሥርጭቱን ማየት ይቀድማል። እግሩ የሚዝል ወይም ሽንት የቆመበት ደግሞ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግባ። የኤምአርአይ ገንዘብ ያልሞላለትም በአልትራሳውንድ የሚመራውን ባዮፕሲ አይናቀው። ለዓመታት ብዙ ሰው የተመረመረው በእሱ ነው። ሐኪሙን ግን «ይሄ ምርመራ የትኛውን ጥያቄ ይመልስልኛል? ከውጤቱ በኋላስ ምን ይቀየራል?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ።