በአንድ ጎል ያለቀ ፍጻሜ

አውስትራሊያ ውስጥ ከአደሌይድ ሜልበርን በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአውሮፕላን ቶሎ ይደረሳል፣ እኔ ግን የሌሊቱን አውቶቡስ መረጥኩ፤ ደጋፊዎቹ እዚያ ስለሆኑ። የአደሌይዱ የኔትቦል ቡድን ተንደርበርድስ ቀለሙ ሮዝ ነው፣ አውቶቡሱም ሮዝ በሮዝ ሆኖ ነበር። ማን ይተኛል! ስለ ጨዋታው ስንከራከር ሜልበርን ያለችበት የቪክቶሪያ ግዛት ገባን፣ ሰዓታችንንም ግማሽ ሰዓት ወደፊት አደረግን።

ቀኑ ሐምሌ 1 ቀን 2015 ነው፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ቀን 2023። በዚህ ወቅት የሜልበርን ብርድ አጥንት ይሰብራል። በ70 ቁጥር ትራም ጆን ኬን አሬና ደረስን። የሱፐር ኔትቦል ሊግ የዋንጫ ጨዋታ ነው፣ ተንደርበርድስ ከሲድኒው ስዊፍትስ። ሁለቱም ከሜዳቸው ውጪ ነው የሚጫወቱት፣ ስለዚህ ደጋፊው ሁሉ እንደኛው መንገደኛ ነው።

ኔትቦልን ለማታውቁ፦ ቅርጫት ኳስ ይመስላል፣ ግን ኳስ እያነጠሩ መሮጥ የለም። ኳሱን የያዘች ተጫዋች በ3 ሰከንድ ውስጥ መልቀቅ አለባት። በየቡድኑ 7 ናቸው፣ እያንዳንዷ የተፈቀደላት ክልል አላት፣ ጎል ማግባት የሚችሉት ደግሞ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከቀለበቱ ጀርባ ኳስ የሚመልስ ሰሌዳም የለም። በዚህ ሊግ በየሩቡ የመጨረሻ 5 ደቂቃ ከሩቅ የገባ ኳስ 2 ነጥብ ያስቆጥራል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይቺን ደንብ አልወዳትም። ተከላካዮቹ አሥር ደቂቃ ሙሉ የለፉበትን በሁለት ኳስ ታጠፋዋለች።

እኔ ከአደሌይድ ድረስ የመጣሁት ደግሞ ተከላካዮቹን ለማየት ነው። ሻሜራ ስተርሊንግና ላታንያ ዊልሰን፣ ሁለቱም ጃማይካዊ። ስተርሊንግን በቴሌቪዥን ማየትና በአካል ማየት በጭራሽ አይገናኝም። አጥቂዋ ኳሱን ከራሷ በላይ ስታነሳ ስተርሊንግ በደንቡ መሠረት 90 ሳንቲ ሜትር ራቅ ትላለች፣ ከዚያ በአንድ እግሯ ቆማ ወደፊት ታዘነብላለች፣ ያ ረጅም እጇ ይመጣል፣ ጣቶቿ ኳሱ አፍ ላይ ይደርሳሉ። አጥቂዋ ከፍ አድርጋ ከመወርወር ሌላ ምርጫ የላትም። እኔ ኳሱን ትቼ የስተርሊንግን እግር ነበር የማየው፤ ኳሱ ሳይወረወር ወዴት እንደሚሄድ እግሯ ቀድሞ ያውቃል።

ጎኔ የተቀመጡት ቀይ የለበሱ እናት የስዊፍትስ ደጋፊ ናቸው። «ሔለን ሃውስቢ እያለችን ምን እንሆናለን?» ይሉኛል ፈገግ እያሉ። እውነታቸውን ነው። ሃውስቢ በ2018 የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ፍጻሜ ላይ በመጨረሻዋ ቅጽበት አግብታ እንግሊዝን አውስትራሊያ ላይ 52 ለ51 ያሸነፈች ልጅ ናት። ስዊፍትስ ደግሞ በ2019 እና በ2021 ዋንጫ በልተዋል። እኛስ? ከ2013 ወዲህ ምንም።

አራቱ ሩቦች አለቁ፣ እኩል። ተጨማሪ ሰዓት! ሴትዮዋ እጄን ያዙ፣ እኔም ያዝኳቸው። ተቃራኒ መሆናችንን ሁለታችንም ረሳነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት እያንዳንዱ ኳስ ማግባት ግዴታ ነው፣ ስለዚህ ልዩነት የምታመጣው ከተጋጣሚዋ ኳስ የምትነጥቀዋ ናት። ይሄን ስል ሁልጊዜ ይከራከሩኛል፣ ያን ማታ ግን ከጎኔ የሚከራከረኝ አልነበረም።

60 ለ59። ተንደርበርድስ! ከ10 ዓመት በኋላ!

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው «ይገባችኋል፣ እንኳን ደስ ያላችሁ» ብለው አቀፉኝ። በመልሱ አውቶቡስ ላይ ድምጽ የቀረው ሰው አልነበረም።

በቀጣዩ ዓመት ፍጻሜው እዚሁ አደሌይድ ሆነ፣ ከሜልበርን ቪክሰንስ ጋር። 59 ለ57 አሸነፍን። በዚያኛው ዙር በአውቶቡስ ሌሊቱን ሙሉ የተጓዙት እነሱ ነበሩ።