ደጋግሞ ለሚወልቀው ትከሻዬ ቀዶ ጥገና የመረጥኩት እንዲህ ነው

ቀኝ ትከሻዬ መጀመሪያ የወለቀው እጅ ኳስ ስጫወት ነው። ልወረውር ክንዴን ወደ ኋላ እንደሳብኩ ተከላካዩ ያዘኝ፤ ትከሻዬ ወደ ፊት ወጣ። ሆስፒታል ራጅ አንስተው መለሱልኝ፤ እጄን አንጠልጥዬ ከረምኩ፣ ፊዚዮቴራፒዬን ጨርሼ ሜዳ ገባሁ። እንደገና ወለቀ። ከዚያ ወዲያ ግጭትም አላስፈለገውም፤ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ቦርሳ ላነሳ ስዘረጋ ይወጣል፣ በመጨረሻም ተኝቼ ስገላበጥ መውለቅ ጀመረ።

የሰፈር ሰው «ወጌሻ ጋ ሂድ» ይለኝ ነበር። ያደግኩት ወጌሻ በሚከበርበት ቤት ነው፤ ቢሆንም ራጅ ሳይታይ ትከሻ መጎተት የለበትም ባይ ነኝ። ከውልቃቱ ጋር የተሰበረ አጥንት ሊኖር ይችላል። በብብት በኩል የሚያልፈው ነርቭም ተጎድቶ እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ የክንድ ላይኛው ውጫዊ ክፍል መደንዘዝ አንዱ ምልክት ነው። ደግሞም ትከሻዬን የሚመልስልኝ አላጣሁም፤ ያጣሁት መርጋቱን ነው።

ለምን እንደማይረጋ ያስረዱኝ የአጥንት ሐኪሙ ናቸው። የክንድ አጥንት ራስ ትልቅ ነው፤ የሚያርፍበት ጉድጓድ ግን ጠባብና ጥልቀት የሌለው ነው። ጉድጓዱን የሚከበው ላብረም የሚባል ልስልስ ቀለበት አለ፤ ትከሻ ወደ ፊት ሲወልቅ ይህ ቀለበት ከፊት ከታች በኩል ይላቀቃል። እንግሊዛዊው ሐኪም ባንካርት እ.ኤ.አ. በ1923 ስለጻፉበት ጉዳቱ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ፊዚዮቴራፒ ጡንቻ ያጠነክራል፤ የተላቀቀውን ቀለበት ግን መልሶ አያጣብቅም። በወጣትነት የወለቀ ትከሻ ደግሞ ተመልሶ የመውለቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

እኔ የፈለግኩት በካሜራ የሚሠራውን የባንካርት ጥገና ነበር። በትንንሽ ቀዳዳዎች ገብተው፣ አንከር የሚባሉ ክር ያላቸው ማሰሪያዎችን ጠርዙ ላይ ተክለው ቀለበቱን በቦታው ይሰፉታል። የቡድን ጓደኛዬ አሠርቶት ደህና ሆኗል። ዶክተሩ ግን እሺም እምቢም ሳይሉ ሲቲ ስካን አዘዙ።

ምስሉ ሲመጣ ስክሪኑን ወደኔ አዙረው የጉድጓዱን የፊት ጠርዝ በእስክሪብቶ ጫፍ አሳዩኝ። ክብ መሆን ሲገባው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ይመስላል። «ጠርዙ የተሸረፈ የስኒ ማስቀመጫ ላይ ኳስ ብታስቀምጥ ይረጋልሃል?» አሉኝ። ውልቃቱ በተደጋገመ ቁጥር አጥንቱ ይበላል። የተበላው ከጉድጓዱ ስፋት ከ20 እስከ 25 በመቶ ከደረሰ ስፌት ብቻውን አያዛልቅም፤ ግጭት ያለበት ስፖርት ለሚጫወት ሰው ደግሞ ከዚያ ባነሰውም ብዙ ሐኪሞች ይጠነቀቃሉ። የኔው እዚያው ወሰን ላይ ነበር። ጓደኛዬን ያዳነው ጥገና ለኔ እንደማይሆን የገባኝ ያኔ ነው፤ ሕመማችን አንድ ዓይነት ነው፣ አጥንታችን ግን አይደለም።

የተሠራልኝ ቀዶ ጥገና ፈረንሳዊው ሐኪም ሚሼል ላታርዤ እ.ኤ.አ. በ1954 ያስተዋወቁት ነው። ከትከሻ አጥንት ወደ ፊት ወጣ ያለውን ኮራኮይድ ከነጅማቱ ቆርጠው፣ የተበላው ጠርዝ ላይ በሁለት ብሎን ያስሩታል። አጥንቱ የጎደለውን ይሞላል፤ ጅማቱ ደግሞ ክንድ ተነሥቶ ወደ ውጭ ሲዞር የአጥንቱን ራስ ከፊት ደግፎ ይይዛል። በካሜራም ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በክፍት ቀዶ ጥገና በብሎን ስለሚሠራ ካሜራም አንከርም አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ዕቃ ከውጭ በሚገባበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትከሻ ሲወልቅ ከክንዱ አጥንት ራስ ጀርባ የሚፈጠረው ስርጉድ ጥልቅ ሲሆን ደግሞ፣ ጅማት ወደ ውስጡ ሰፍተው የሚሞሉበት ሬምፕሊሳዥ የሚባል ተጨማሪ ሥራ አለ። የኔ ስርጉድ ጥልቅ ስላልነበረ አላስፈለገኝም።

ከመፈረሜ በፊት ቀዶ ጥገናው ሊያመጣ ስለሚችለው ጉዳትም ጠየቅኩ። ነርቮች ቅርብ ናቸው፤ አጥንቱ ላይገጥም፣ ብሎኑ ሊያስቸግር ይችላል፤ ከዓመታት በኋላ የመገጣጠሚያ ብግነት ሊመጣም ይችላል። ሲጋራ የአጥንት መግጠምን ስለሚያዘገይ ማቆም የግድ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዱኝ። ቀኝ እጄ ታስሮ በግራ እንጀራ መቁረስ አልሆንልህ ሲለኝ እናቴ ታጎርሰኝ ነበር፤ ሸሚዜንም የምትቆልፍልኝ እሷው። ፊዚዮቴራፒስቷ ክንዴን ወደ ውጭ የምታዞረው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፤ «አይዞህ፣ ግን አትቸኩል» ትለኛለች። ብዙውን ጊዜ ግጭት ወዳለበት ጨዋታ የሚመለሱት ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ እኔን ግን ዶክተሩ አጥንቱ መግጠሙን በምስል ሳያዩ አልለቀቁኝም። ዛሬ እወረውራለሁ። ክንዴ ወደ ኋላ እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ አይዞርም፤ በዚህ ግን ደስተኛ ነኝ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ «አጥንቴ ምን ያህል ተበልቷል? በምንስ ተለካ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ ዘመድ ካላችሁና ትከሻው ከተመለሰለት በኋላ እጁን ማንሳት ካቃተው፣ ትከሻውን የሚያነሳው ጅማት ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ ቶሎ ይታይለት።