«ሞተር ያው ሞተር ነው» ለምትሉ መካኒኮች

«የመኪና ሞተር አውርጄ እሰቅላለሁ፤ ወደብ ዳር የጀልባ ጋራዥ አያስገቡኝም?» የምትሉ ልጆች፣ ሞተሩስ ያው ነው፤ ልዩነቱ ውሃው ላይ ነው። መኪና የራዲያተሯን ውሃ ደጋግማ ታዞራለች። ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር ግን ባሕሩን ራሱን ስቦ በሲሊንደሩ ዙሪያ አሳልፎ ይተፋዋል። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ደግሞ 35 ግራም ያህል ጨው አለ።

ስለዚህ ስንት ሞተር የፈታ ባለሙያ እዚህ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዘው የውሃ ጎማ ነው። «መኪና አጣቢ አደረጉኝ» ብሎ የሚያኮርፈው ብዙ ነው። ከአኩራፊዎቹም አብዛኛው አስተጣጠቡን አያውቅበትም! የጆሮ ማዳመጫ የሚመስለውን ማጠቢያ ውሃ መሳቢያው ላይ ግጠሙ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ ውሃውን ክፈቱ፣ ሞተሩ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ስትጨርሱ ሞተሩን አጥፍታችሁ ነው ውሃውን የምትዘጉት። ያለ ውሃ ከዞረ የፓምፑ የጎማ ክንፍ ለመበላሸት አንድ ደቂቃም አይፈጅበትም።

ሁለት ደቂቃ ረጭቶ መሄድ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። የብዙዎቹ ሞተሮች ቴርሞስታት (የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው ክዳን) ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ካልሞቀ አይከፈትም፤ ካልተከፈተ የቧንቧው ውሃ በአቋራጭ ይወጣና ጨው የያዘው የሲሊንደር ዙሪያ ሳይታጠብ ይቀራል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ታገሡ።

ዚንኩንም ልብ በሉ። የሞተሩ አሉሚኒየም በባሕር ውሃ እንዳይበላ በእሱ ፈንታ የሚበላ፣ ሞተሩ ላይ የሚታሰር ቁራጭ ነው። የእኛ ሰው እንዲያምር ብሎ ቀለም ይቀባዋል፤ ከተቀባ አይሠራም። የጀልባ ጋራዦቹ ሰው በየጊዜው ፎቶ እያነሳ ይመዘግበዋል፣ ያስቃል፣ ግን ልክ ነው፦ ግማሹ ሲያልቅ ይቀየራል። ዓመት ቆይቶም አዲስ ከመሰለ ከሞተሩ ጋር በኤሌክትሪክ አልተገናኘም፤ የሚበላው ሌላው ነው።

አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባ የማይዝግ ብሎን ለባሕር የተሠራ ግራሶ ይፈልጋል፤ አለበለዚያ ሲፈታ ይበጠሳል። የመዳብ ግራሶ ግን አይነካው፤ መዳብ አሉሚኒየምን ያስበላል። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው የታችኛው ካምቢዮ ዘይት ወተት ከመሰለም ውሃ ገብቷል።

ባሕር ውስጥ የሰጠመ ሞተር ሲመጣላችሁ ፀሐይ ላይ አታስጡት። ዝገቱ የሚፈጥነው አየር ሲያገኝ ነው። በቧንቧ ውሃ እጠቡት፣ ካንዴላውን ፍቱ፣ በእጅ እያዞራችሁ ውሃውን አስወጡ፣ ዘይቱን ቀይሩ፣ በዚያው ቀን አስነሱት። ካልደረሳችሁ መልሳችሁ የቧንቧ ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ንከሩት።