የደጋ ቆርቆሮ የሚበላው ከሆዱ ነው

ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ ጣርማበርና መንዝ አካባቢ ቆርቆሮ ዕድሜው አልበረክት ሲል መጀመሪያ የሚታማው ዝናቡ ነው፤ ቀጥሎ በረዶው፣ ከዚያ ሻጩ። ሻጩ አንዳንዴ መታማቱ ይገባዋል። ግን አሮጌ ጣሪያ ነቅሎ ገልብጦ ያየ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ ሰው በሚያድርበትና እሳት በሚነድበት ቤት ብዙው ዝገት የሚነሣው ከታች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ቆርቆሮው ከአየሩ ራሱ የበለጠ ይቀዘቅዛል። የሰው ትንፋሽ፣ የምጣድና የድስት እንፋሎት፣ የከብቱ ሙቀት ሽቅብ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ብረት ሲያገኝ ውሃ ይሆናል፤ ቆርቆሮው ያልበዋል። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ይንጠባጠባል፤ ዝናብ ሳይዘንብ ቤቱ «አፈሰሰ» ይባላል። ላቡ ብቻውን ቢሆን ብረቱ ከዝገት እንዲጠበቅ የተለበጠበት ዚንክ ይችለው ነበር። የእንጨትና የኩበት ጭስ ጥቀርሻ ግን አሲድነት አለው፤ ከላቡ ጋር ሲዋሐድ ዚንኩን ይልጠዋል። ከብት አብሮ በሚያድርበት ቤት የሽንቱ አሞኒያ ይጨመርበታል። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ብታዩ ሌሊቱ ስለማይቀዘቅዝ ይህ ችግር ቀላል ነው።

ስለዚህ አዲስ ቆርቆሮ ከመግዛት በፊት ባትሪ ይዞ ከውስጥ መመልከት ነው። ከምድጃው ትይዩ፣ ቆርቆሮው ማገር ላይ ካረፈበት አጠገብ በጨርቅ ጥረጉ። ጥቁር ቅባት መሰል ነገር ይነሣል፤ ከሥሩ ግራጫ ብረት ከታየ ዚንኩ ገና አለ፣ ቀይ ዱቄት ከወጣ አልቋል። ዝገቱ በሚስማሮቹ ዙሪያ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ሚስማሩ በተመታበት መንገድ ነው። በመደራረቢያው መስመር ከሆነ ውሃ በሁለቱ ቆርቆሮ መሐል ተስቦ እየገባ ሳይደርቅ ይቆያል ማለት ነው። ከላይ ክብ ክብ ሆኖ ከታየ ደግሞ ነፋስ እንዳያነሣው የተጫነው ድንጋይ ሥራ ነው፤ ድንጋይ ዚንኩን ይፍቃል፣ እርጥበትም ይዞ ያድራል። ድንጋዩን አውርዱና ወራጁን ከግድግዳው ቋሚ ጋር በወፍራም ሽቦ እሰሩት።

ለላቡ መድኃኒቱ አየር ነው። በጣሪያው አናት ክዳን ሥር እና በታችኛው ጠርዝ በኩል ትይዩ ክፍተት ተዉ፤ 5 ሴንቲሜትር ይበቃል፣ ለወፍና ለአይጥ ወንፊት ሽቦ ይመታበት። ብርድ ያስገባል የሚል ክርክር ይነሣል፣ በመንዝ ብርድ ደግሞ አይፈረድም። መፍትሔው ከክፍተቱ በታች ኮርኒስ መሥራት ነው፤ አየሩ ከኮርኒሱ በላይ ያልፋል፣ ቤቱ ይሞቃል። የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ግን ምድጃ ባለበት ክፍል በፍጹም አይሆንም፣ ይቃጠላል። ማድቤቱን ለብቻ ማውጣት የሚችል ሰው ከሁሉም የበለጠ ገላግሎታል።

ዝገቱ ቀዳዳ ካላወጣ ማዳን ይቻላል። ጥቀርሻውን በሳሙና ውሃ እጠቡ፣ ዝገቱን በሽቦ ቡሩሽ ብረቱ እስኪታይ ፈግፍጉ፣ በደንብ ሲደርቅ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ ከታችም ከላይም። ሥራው ውርጩ ቀልጦ ቆርቆሮው ከደረቀ በኋላ፣ ረፋድ ላይ ይጀመር፤ ማታ የተቀባ ቀለም ላቡ ያገኘዋል። ተራ የዘይት ቀለም አዲስ ቆርቆሮ ላይ አይያዝም፤ ዘይቱ ከዚንኩ ጋር ስለሚጣላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ትንሽ ቀዳዳ በጨርቅና በሬንጅ ይደፈናል። ትልቅ ከሆነ ቁራጭ ቆርቆሮ ይለጠፋል፤ የቁራጩ የላይ ጫፍ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ይግባ፣ አለዚያ ውሃ ያጠራቅማል።

መቀየር የግድ ከሆነ፦ የጌጁ (የውፍረት መለኪያው) ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊሜትር፣ 35 ጌጅ ወደ 0.2 ሚሊሜትር ነው። ማኅተሙን ማመን ያቃተው ሚዛን ይጠቀም፤ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ተዘርግቶ 2 ካሬ ሜትር የሚሆን ቆርቆሮ 0.4 ከሆነ ከ6 ኪሎ በላይ፣ 0.2 ከሆነ 3 ኪሎ ገደማ ይመጣል። በዝናብ ተጭኖ የመጣ እስር ከሆነ መሐሉን ገልጣችሁ እዩ፤ ነጭ ዱቄት ካለ ዚንኩ ከመከደኑ በፊት መበላት ጀምሯል።

ሚስማር ጉብታው ላይ ይመታል፣ ከነጎማው፤ ቦዩ ላይ የተመታ ውሃ መንገድ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ጎማው ጠበቅ ሲል መዶሻው ይቁም፣ ጉብታው ከተደፈጠጠ ውሃ ይቋጥራል። በዳርቻው በየሁለተኛው ጉብታ ምቱ። ወደ ጎን ሁለት ጉብታ፣ ወደ ታች 20 ሴንቲሜትር ይደራረብ፤ ለስስ ቆርቆሮ የማገር ርቀት ከ75 ሴንቲሜትር አይለፍ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ሚስማሩን ይለቃል፤ ቀድሞ የደረቀ ይሁን። ቆርቆሮ በመቀስ ይቆረጥ፤ የግራይንደር ፍንጣሪ በየነካበት የዝገት ነጥብ ይተዋል። ይህን ሁሉ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር መጨረስ ነው፤ አንኮበርና ጣርማበር ጉም በሚያዘወትርበት ደግሞ በበጋም ቢሆን ደረቅ ቀን ጠብቃችሁ ቀቡ።